ገብስማዋ ዶሮና ግራ እግሬ

የዶሮ ኩስ ሲሸተኝ ግራ ጭኔን ያመኛል። ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ባለፈው ከጀውሃ ወዲያ የእህቴ ልጅ ቤት ሄጄ፣ ከመደቡ ሥር ዶሮ ያሳድሩ ኖሮ ገና በሩን ስሻገር ያ ሽታ መጣብኝ። ሳላስበው እጄ ጭኔ ላይ ነበር። «እማማ፣ ምን ሆኑ?» ብለው ተረባረቡ። ምንም አልሆንኩም፤ ቁጭ አልኩ።

ጉልበቴን አሞኝ ሮቢት ሐኪም ቤት የሄድኩ ጊዜም እንዲሁ ነው። ሐኪሙ ከሌላ አገር የተመደበ ልጅ ነው፤ ጨዋ ልጅ። ራጁን ወደ መስኮቱ ይዞ አገላብጦ አየውና «ይሄ የጭን አጥንት ድሮ ተሰብሮ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ነበር።»

«አጥሮ ነው የገጠመው። ወደ ውጭም ዞሯል። ማነው እንዲህ ያደረገዎት?»

«ዶሮ» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። በሩ ላይ ሰው ተሰልፎ ስለነበር አላስረዳሁትም፤ መድኃኒቴን ተቀብዬ ወጣሁ። ዕድሜዋ ገፍቶ ትቀባዥራለች ብሎኝም ይሆናል፤ አልፈርድበትም።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን አገር በያዘበት ዘመን ነው። ዓመቱን በቁጥር አልነግራችሁም፤ እኛ ቤት ዓመት የሚታወሰው በማሽላው ነበር። የዚያ ዓመት ማሽላ ደግሞ ሰው ገብቶበት የሚጠፋበት ነበር። አባቴ ከደብረ ሲና በላይ ለመንገዱ ድንጋይ ይፈልጣል፤ ለዒድ ካልሆነ ብቅ አይልም። ቤት የቀረነው እናቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ሰዓዳና እኔ ነን። እትዬ ሰዓዳ ባሏ ሞቶባት፣ ልጅም ስላልነበራት፣ ወንድሟ ቤት የገባች ናት። እናቴ «አንቱ» ትላታለች፤ እሷ እናቴን «አንቺ» ትላለች። የቤቱ ሥርዓት ነው፤ በዚህ የሚከፋ ሰው አልነበረም።

ወፍ መጠበቅ የእኔ ሥራ ነበር። ማሽላው መሀል ባላ ተተክሎ፣ በላዩ እንጨት ተረብርቦ ማማ ይሠራል። ጠዋት እወጣለሁ፤ ግሪሳው ሲወርድ ወንጭፌን አስጮሃለሁ፤ ግሪሳው ሲነሳ ጥንቅሼን እመጥጣለሁ። ወንጭፉ ጣቴን ልጦት ነበር፤ ጥንቅሹም ከንፈሬን ቆርጦታል። ቢሆንም ከማማው ላይ ሁሉም ይታያል፤ ወንዙ፣ የግራሩ ጥላ፣ አዲሱ መንገድ። አንድ ቀን ከመንገዱ በኩል የካሚዮን ድምፅ ሰማሁ። አንድ አይደለም፣ ተከታትለው ነው የሚመጡት። እንዲያ በርከት ብሎ አይቼ አላውቅም ነበርና ጫፉ ላይ ቆሜ ተንጠራራሁ።

ቀጭ ሲል ሰማሁ። የማማው እንጨት መስሎኝ «ወይኔ፣ እናቴ ገደለችኝ፣ ማማውን ሰበርኩት» አልኩ። ይህን ያልኩት መሬት ላይ ተጋድሜ ነው። ማማው ደህና ነበር። የተሰበረው የእኔ ጭን እንደሆነ ያወቅሁት ልነሳ ስል እግሬ አብሮኝ አልነሳ ሲል ነው።

ወጌሻው አያ ሙሄ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ አውራ ጣታቸው ጠፍጣፋ። ሲመጡ ሰላምታ ሰጥተው፣ ጭኔን በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳበሱና «ዶሮ አምጡ» አሉ። እኔ መቼስ ልጅ ነኝ፣ ዶሮ ሊታረድልኝ ነው ብዬ ያን ሁሉ ሕመም ረስቼ ደስ አለኝ። እትዬ ሰዓዳ ገብስማዋን ይዛ መጣች፤ ነጭና ጥቁር የተዥጎረጎረች፣ እንቁላል የማታቋርጥ ዶሮ ናት።

ለካስ የእሳቸው ወግ ሌላ ነው። ከአባታቸው የወረሱት ነው ይባላል። የተሰበረ ሰው ሲመጣላቸው የዶሮም እግር በዚያው በኩል ይሰብሩና ሁለቱን በአንድ ቀን ያስራሉ። የሰው አጥንት ሥጋ ውስጥ ተደብቆ መዳኑ አይታይም፤ ዶሮዋ ታሳያለች። እሷ ስትድን ሰውየው ይፈታል። ሐኪሙ ይህን ቢሰማ የዶሮና የሰው አጥንት እኩል ይድናል ወይ ማለቱ አይቀርም። እኔ ምን አውቄ! አያ ሙሄ ግን በዚያች ወግ የስንቱን እግር አቁመዋል።

«ቢስሚላህ» ብለው የገብስማዋን ግራ እግር ቀጭ አደረጉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እናቴ ብብቴን ይዛ፣ እሳቸው ቁርጭምጭሚቴን ይዘው ሲስቡ ምን እንደጮህኩ ጎረቤት ይመስክር። በቀርቀሃ ስንጥር ከዳሌዬ እስከ ጉልበቴ ታሰርኩ። ዶሮዋም በቀጭን ስንጥርና በዚያው በእኔ ነጠላ ቁራጭ ታሰረች።

«እኔ ነገ ወደ ላይ እወጣለሁ» አሉ ሲጨርሱ። ወደ ላይ ማለት ምን እንደሆነ ያኔ ሁሉም ያውቃል። ተራራው ላይ አርበኞች ነበሩ፤ የአርበኛ አጥንትም ይሰበራል። «መቼ እንደምመለስ አላህ ያውቃል። ዶሮዋን አደራ። ማሰሪያዋን ጥላ፣ በዚያ እግሯ መሬት ስትጭር የልጅቷን ፍቱ። ከዚያ በፊት አልቅሳ ብትለምናችሁም እንዳትፈቱ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አታቆዩባት፤ ጉልበቷ ይደርቃል።»

«እሺ፣ አያ ሙሄ» አለች እናቴ። እትዬ ሰዓዳም «እሺ» አለች።

እንግዲህ ያ ወር መደብ ላይ ነው ያለፈው። ሙቀቱን አትጠይቁኝ፤ የቆላ ሙቀት በስንጥር ታስሮ ምን እንደሚመስል የታሰረ ያውቀዋል። ከስንጥሩ ሥር የሚበላኝን በማሽላ አገዳ እያከክሁ በሩን አያለሁ። ከበሩ ማዶ፣ ጎተራው ሥር፣ ገብስማዋ በገመድ ታስራ ትቀመጣለች። ማሽላ እወረውርላታለሁ፤ በአንድ እግሯ ዘለል ዘለል እያለች መጥታ ትለቅማለች፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ ታየኛለች። እኔና እሷ አንድ እግር ለሁለት ያለን ይመስለኝ ነበር። እሷ ስትወድቅ ጭኔን ይዤ «ወይ!» እላለሁ። እናቴ ትስቃለች። እትዬ ሰዓዳ ግን አትስቅም፤ እሷም እንደኔ ነበር የምታምነው። ምሽት ሲሆን ዶሮዋን አቅፋ አምጥታ ከመደቤ ሥር ታሳድራታለች። ኩሷ ይሸታል፣ ወላሂ ይሸታል፤ ግን ስትንቀሳቀስ ስሰማ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን እናቴ ወደ ሮቢት ወረደች። ባንዳዎቹ የመጡት ያን ቀን ነው። ከመንገዱ ዳር ካለው ሰፈራቸው እየወጡ ዶሮና እንቁላል መልቀም ልማዳቸው ነበር። እትዬ ሰዓዳ ጋቢውን እስከ ራሴ ሸፈነችኝና «ትንፍሽ እንዳትይ» አለችኝ። በር ላይ ሆና «ልጅ ፈንጣጣ ይዟት ተኝታለች!» ስትል ሰማሁ። እግራቸው ወደኋላ አለ። ከዚያ ዶሮ ጮኸ፣ ገመድ ተበጠሰ፣ አንዱ እየሳቀ «ይቺ ደግሞ የቱ ጦር ሜዳ ላይ ነው የቆሰለችው?» አለ።

እኔን አይቶኝ መሰለኝ። በጋቢው ቀዳዳ እግሬን ያየና የሳቀብኝ መስሎኝ ተናደድኩ። እትዬ ሰዓዳን ልጠይቃት ብጠብቅ ቶሎ አልገባችም። ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ ላብ አጥምቋት ስትመለስ «ዶሮዋስ?» አልኳት።

«አለች። ቅርጫት ደፍቼባታለሁ፤ ንፋስ እንዳይመታት።»

በማግስቱ ገብስማዋ ጎተራው ሥር ነበረች፤ እግሯ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ማሽላ ወረወርኩላት፤ ሸሸችኝ። እንደገና ወረወርኩ፤ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ባንዳው ሲስቅብኝ ዝም ስላልኩ አኩርፋኛለች ብዬ ጋቢዬን ተከናንቤ አለቀስኩ። ልጅ ሞኝ ነው።

ብዙም አልቆየች፤ ያን ጨርቅ ስትነጨው ስትነጨው ውላ ጣለችው። ጣለችውና በግራ እግሯ መሬቱን ጫረች። በቀኟም ጫረች። «እማዬ! ጫረች! ጫረች!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ ዱቄቱን እንደያዘች ሮጣ ወጥታ አየችና እልል አለች። የዚያን ቀን ደስታዋን አልረሳውም፤ ፊቷ ላይ ዱቄት ነበር።

«ትንሽ ብትቆይስ» አለች እትዬ ሰዓዳ።

«አያ ሙሄ ያሉትን አብረን ሰማን እኮ፤ አታቆዩባት አሉ።»

«እሱስ ነው። ግን ትንሽ ትቆይ፤ ምን አለበት?»

«እትዬ ሰዓዳ፣ ጉልበቷ ደርቆ ይቅር ነው የሚሉት?»

እትዬ ሰዓዳ ዶሮዋ የጣለችውን ጨርቅ አነሳች። ስንጥሩ ተፈታ።

መጀመሪያ ላይ ምንም አይልም ነበር። በምርኩዝ ቆምኩ፤ ከዚያ ያለ ምርኩዝ። ማሽላው ተቆርጦ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነውና እኔም አገዳ ተሸከምኩ። ጭኔ በአንድ ጊዜ አይደለም የጎበጠው፤ ቀስ ብሎ ነው፤ ጭነት የበዛበት ማገር እንደሚጎብጠው። አንድ ቀን ሁለቱን እግሬን ዘርግቼ ስቀመጥ የቀኙ ጣቶች ወደ ላይ ያያሉ፤ የግራው ወደ ጎረቤት። የሰፈሩ ልጆች ቀድመውኝ አይተውታል፤ «ሀዋ፣ ግራ እግርሽ ወዴት ሊሄድ ነው?» ይሉኛል። «ወደ እናትህ ቤት» እላለሁ። ቤት ገብቼ ግን እግሬን በእጄ ወደ ውስጥ እያዞርኩ እይዘው ነበር፤ ስለቀው ይመለሳል።

አያ ሙሄ ጥር ላይ ወረዱ። ከስተዋል፤ ጢማቸው ሸብቷል። እናቴ ውሃ አቀረበችላቸው፤ ሳይጠጡ «እስቲ ልጅቷ ትሂድ» አሉ። ሄድኩ። «ተጋደሚ።» ተጋደምኩ። ሁለቱን ተረከዞቼን አጋጠሙ፤ አልተካከሉም። ጉልበቶቼን አጋጠሙ፤ አንዱ ወደ ጣራው፣ አንዱ ወደ ግድግዳው ያያል። በአውራ ጣታቸው ጭኔን ዳበሱና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ይቺ ጊዜዋ ሳይደርስ ነው የተፈታችው።»

«በአላህ ይዤዎታለሁ!» አለች እናቴ። «እንዳሉት ነው ያደረግነው። ዶሮዋ ማሰሪያዋን ጣለች፤ ጫረች። በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«ዶሮዋን አምጧት እስቲ።»

እትዬ ሰዓዳ ወጣች። ቆየች። ዶሮ ለመያዝ እንዲያ አይቆይም። ስትመጣ ገብስማዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛት ነበር፤ ለመስጠትም አልፈጠነች። አያ ሙሄ ተቀበሉና የዶሮዋን ግራ እግር ዳበሱ። ቀኙን ዳበሱ። ወደ ግራው ተመለሱ። ዶሮዋ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ ታደርጋለች።

«የተሰበረ አጥንት ሲድን ቋጠሮ ያበጃል» አሉ በለሆሳስ። «ይቺ ዶሮ ከተፈለፈለች እግሯ ተሰብሮ አያውቅም።»

እናቴ ዶሮዋን አየች፣ አያ ሙሄን አየች፣ በመጨረሻ እትዬ ሰዓዳን አየች።

እትዬ ሰዓዳ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ባንዳው ወሰዳት» አለች። «አንቺ ገበያ በሄድሽ ቀን። ዶሮዋ ከጠፋች የልጅቷ እግር ጠፋ አልኩ። እንዲህ ያለውን ነገር ለእናቷ በምን አፌ ልንገር? ለእሷስ? አንድ እግር ነው ያለን እያለች! ሰፈሩን ዞሬ፣ ገብስማ ፈልጌ፣ በማሽላ ለወጥኩ። እግሯን ጠቀለልኩላት። ስታያት ትድናለች ብዬ ነው። ትንሽ ትቆይ ብዬም ነበር… ብዬ ነበር።»

«ለምን እንደምትቆይ አልነገርሽኝማ!» አለች እናቴ።

«አንቺ» ስትላት ያኔ ነው የሰማሁ። «ልጄን አንካሳ አደረግሽብኝ! ማን ያገባታል? በምን እግሯ ውሃ ትቀዳለች?» አለች። እትዬ ሰዓዳ ሻሿን በሁለት እጇ ይዛ መሬት መሬቱን ታያለች። እኔ ያኔ ያዘንኩት ለእግሬ አልነበረም። ያቺ ማሽላዬን ትለቅም የነበረችው ዶሮ መበላቷ ገና ያን ቀን ነው የገባኝ፤ ለእሷ አለቀስኩ።

አያ ሙሄ ውሃቸውን ጠጡና እንዲህ አሉ። «በዚህ እግር ላይ ሁለት ጥፋት አለ። አንዱ መጉበጡ ነው፤ እሱ አያሳስበኝም። ልጅ ናት፤ እያደገች ታቃናዋለች። ያጠረውም ትንሽ ይመለሳል። የዞረው ግን ዕድገት አይመልሰውም። የዞረው ይመለስ ካላችሁ እንደገና ሰብሮ ነው። አሁን ከሆነ ይቻላል፤ ክረምት ከገባ በኋላ ግን እኔ እጄን አላስገባም።»

«ይሰበር» አለች እናቴ።

«አስቢበት።»

«አስቤበታለሁ። ይሰበር።»

እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ያኔ ልጅ አይጠየቅም።

በማግስቱ ጠዋት ቀርቀሃው ተሰንጥቆ፣ ጨርቁ ተቀዶ ተዘጋጀ። እናቴ እግሬ በኩል፣ እትዬ ሰዓዳ ትከሻዬ ላይ። እናቴ ከእሷ ጋር አትነጋገርም፤ «ትከሻዋን አጥብቃ እንድትይዝ ይንገሩልኝ» ትላለች ለአያ ሙሄ፣ እትዬ ሰዓዳ ክንድ ታህል ርቀት ላይ ሆና እየሰማች። አያ ሙሄ ገብስማዋን አስመጡ። ያቺን አስመሳይዋን ማለቴ ነው። «ያለ ዶሮ አልሰብርም» አሉ። «አሁንም ማየት አለብን።»

«ቢስሚላህ» አሉ።

ቀጭ።

ያቺን ድምፅ አወቅኋት። የማማው እንጨት የመሰለችኝ ድምፅ ናት። አያ ሙሄ የተሰበረውን የዶሮዋን እግር አስረው አስቀመጧትና ወደ ጭኔ መጡ። ሁለቱን እጃቸውን አኖሩ። እናቴን አየኋት። እናቴ እኔን አይደለም የምታየው፤ ዶሮዋን ነው። ዶሮዋ ምንቃሯን ከፍታ ትተነፍሳለች።

«አያ ሙሄ» አለች። «ይተዉት።»

እጃቸውን አላነሱም። «ዞራ ነው የምትቀረው፤ ዕድሜዋን ሙሉ።»

«ትዙር።»

«በኋላ እንዳትወቅሺኝ።»

«ትዙር አልኩ እኮ! አልችልም!» ብላ እግሬን ለቃ ወጣች። ማጀት ገብታ ስታለቅስ ይሰማ ነበር።

ደስ አለኝ፤ ወላሂ ደስ አለኝ። ልክ ነበረች ወይ ብትሉኝ ግን ዛሬም አላውቅም። ሐኪሙ ራጁን ሲያሳየኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን አጥንት በዓይኔ አየሁት፤ አይቼም አላወቅሁም። ዶሮዋ በከንቱ ተሰበረች። እትዬ ሰዓዳ እንደ ሰው አስታመመቻት፤ ባንዳ መጣ ሲባል ቀሚሷ ውስጥ ይዛት የማሽላ አገዳው ክምር ውስጥ ትገባ ነበር። ዳነች፤ ቀጥ ብላ ዳነች።

አያ ሙሄ ከመሄዳቸው በፊት ከግመል ቆዳ ለግራ ጫማዬ ተረከዝ ቆረጡልኝ። ጠዋት ጠዋት የወንዙ ዳር አሸዋ ላይ ትሂድ አሉ፤ አሸዋው ጭኗን ያጠነክረዋል፣ እግሯንም የት እንደምትጥል ታያለች። እናቴ ለእትዬ ሰዓዳ «ያበላሸሽውን አንቺ አስኪጂ» አለቻት። ጠዋት ጠዋት ሁለታችን ወደ ሮቢ ወንዝ መውረድ ጀመርን።

እርጥብ አሸዋ ላይ ዱካ አይዋሽም። የቀኝ እግሬ ዱካ ፊት ለፊት ይሄዳል፤ የግራው ወደ ቁጥቋጦው ያያል። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ሲያዩኝ «ማሻ አላህ! ድና የለም እንዴ! ቀጥ ብላለች እኮ!» ይሉኛል። እናቴም ማታ ማታ «ከትናንት ዛሬ ይሻላል» ትላለች። እትዬ ሰዓዳ ብቻ ናት ጎንበስ ብላ ዱካውን የምታየው።

«እትዬ፣ እግሬ ወደ ውስጥ ገባች?» እላታለሁ።

በእጇ ትለካዋለች። «አልገባችም።»

በማግስቱም እጠይቃለሁ። «አልገባችም።» ሁልጊዜ ይኸው ነው። አንድ ቀን ተናደድኩ፤ አሸዋውን በእግሬ በተንኩባትና «ሰው ሁሉ ዳነች ይላል፤ አንቺ ብቻ! አንዴ እንኳ ገባች ብትይኝ ምናለ!» ብዬ ጮህኩባት። «አንቺ» ብያታለሁ፤ ከእናቴ ተምሬ። አልተቆጣችኝም።

«አንዴ የዋሸሁሽ ይኸው ዱካሽ ላይ አለ» አለች። «ሁለተኛ አልዋሽሽም።»

ሰኔ ሲገባ ወንዙ መደፍረስ ጀመረ። የመጨረሻዋ ጠዋት እናቴም ልብስ ለማጠብ ወርዳ በቤታችን በኩል ነበረች፤ እኛ ተሻግረን ማዶ አሸዋው ላይ ነን። ሄድኩ፤ ደርሼ ተመለስኩ። እትዬ ሰዓዳ ጎንበስ ብላ ብዙ አየች። ከዚያ ቀና ብላ እጇን ጭኔ ላይ አደረገች። «ጉብጠቱ እየወጣ ነው፤ ጭንሽ እየቀና ነው» አለች። «እግርሽ ግን አልገባችም። አትገባምም። ከእንግዲህ አትጠይቂኝ፤ እንዲሁ ሄደሽ ትደርሻለሽ።»

አላለቀስኩም። እናቴ ከማዶ ቆማ፣ የታጠበው ልብስ በእጇ እንደተንጠለጠለ፣ ስትሰማ ነበር። ውሃው እየጨመረ ስለነበር ወደ እኛ አንድ እርምጃ ገባችና ተጣራች።

«እትዬ ሰዓዳ! እጇን ይያዙልኝ፣ ይሻገሩ!»

ያዘችኝ፤ ተሻገርን።